የኋላው ወንበር፦ በወሎ አምቡላንስ ላይ ሙያ መልመድ ለሚፈልጉ ወጣቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ስልኬ አያርፍም። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ፣ ከከሚሴ ይደወላል። አንዳንዴም ከወገል ጤና። «አምቡላንስ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ነው ጥያቄው። የሚደውሉት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ፣ ኮሌጅ የገቡ፣ ወይ ተመርቀው ሥራ ያጡ ልጆች ናቸው። እናቶችም ይደውላሉ። እኔ ብዙ ዓመት ያሳለፍኩት አምቡላንስ ኋላ ተቀምጬ ነው። አሁን ደግሞ አፓረንት (የሥራ ላይ ልምምድ) የሚወጡ ልጆችን እቀበላለሁ። ስለዚህ ደጋግሞ የሚመጣውን ጥያቄ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

አንድ ነገር ላስቀድም። በገጠር ወረዳዎቻችን አምቡላንስ ብዙ ጊዜ ሾፌርና በሽተኛ ብቻ ይዞ ነው የሚሄደው። በሽተኛው አጠገብ የሚቀመጥ ባለሙያ የለም። እጁን ይዞ የሚመጣው ወንድሙ ወይ አማቱ ነው። ያ ወንበር በሠለጠነ ሰው እንዲሞላ ነው የምደክመው።

አፓረንት መውጣትና በጎ ፈቃደኛ መሆን ልዩነቱ ምንድን ነው?

አፓረንት ማለት ኮሌጅ የተማራችሁትን ሥራ ቦታ ላይ፣ በባለሙያ እጅ ሆናችሁ መልመድ ነው። ወረቀቱ ላይ «የትብብር ሥልጠና» ተብሎ ይጻፋል። ኮሌጁ ይልካችኋል። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት አሠልጣኝ ይመድባል። መቻል ያለባችሁ ነገር የተዘረዘረበት ቅጽ ይኖራል። አሠልጣኙ ስትሠሩ እያየ ይፈርማል።

በጎ ፈቃደኝነት ከዚህ ይለያል። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ለወጣት በጎ ፈቃደኞች የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ለብቻው ሙያ አይሆንም። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለቱንም ያዙ። በበጎ ፈቃድ የጀመረ ልጅ አፓረንት ሲመጣ ያስታውቃል። ሰው ወድቆ ሲያይ ወደ ኋላ አይልም።

ከስንት ዓመት ጀምሮ ይቻላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል። እሱም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍቱና በሕዝብ በዓልም እንዲሁ።

አምቡላንስ ደግሞ ሌሊትና በዓል አይመርጥም። ስለዚህ ለእኔ ዕድሜው 18 ነው። ከዚያ በታች ያለ ልጅ የመጀመሪያ ዕርዳታ ይማር። ግቢ መጥቶ ዕቃውን ይወቅ፣ ስሙን ይጥራ፣ ይጠይቅ። ጥሪ ላይ ግን አይውጣ። የ16 ዓመት ልጅ የመኪና አደጋ ላይ ይዞ መሄድ ልጁን መጉዳት ነው።

ምን ተምሬ ነው የምገባው?

ዋናው በር ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነው። የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን የሚባል ሙያ አለ፣ በቴክኒክና ሙያ የደረጃ ሥርዓት ውስጥ የሚሰጥ። ነርሲንግ የተማረም፣ አዋላጅም ወደ አምቡላንስ ይመጣል። ደሴ ላይ ጤና ሳይንስ ኮሌጁ አለ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም አለ። ግን ኮሌጅ በየዓመቱ የሚቀበለው ትምህርት ክፍል አንድ ዓይነት አይደለም። ከመመዝገባችሁ በፊት ሬጅስትራር ገብታችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ዘንድሮ የምትቀበሉት የትኛውን ነው? አፓረንት የት ነው የምትልኩን? ስንጨርስ ለምዘና ትልኩናላችሁ ወይ?

ሦስተኛው ወሳኝ ነው። ሲኦሲ (የብቃት ምዘናውን) ያላለፈ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ቤት ነው የሚቀመጠው። የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ ማስታወቂያውን ትታችሁ የዕውቅና ፈቃዱን ራሱን አሳዩን በሉ። ፈቃዱ ላይ የእናንተ ትምህርት ክፍል ስም መኖሩን በጣታችሁ እየሄዳችሁ አንብቡ። እናቷ በግ እየሸጡ ከፍለውላት የተማረች ልጅ አውቃለሁ። ትምህርት ክፍሉ ዕውቅና እንደሌለው የነገሯት ስትጨርስ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደም ሳይ ያዞረኛል። ይሆንልኛል?

ይሆንልሃል። ከምቀበላቸው ልጆች ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ አዙሯቸዋል። ዓይን ይለምዳል፣ እጅ ሥራ ሲይዝ ደግሞ ቶሎ ይለምዳል። ዝም ብሎ ቆሞ የሚያይ ነው የሚወድቀው።

ሲያዞርህ አትደብቅ። «አዞረኝ» በልና ቁጭ በል፣ ጭንቅላትህን ዝቅ አድርግ። ማንም አይስቅብህም። ቁርስ ሳትበላ አትምጣ። ጾም ላይ ከሆንክ፣ ዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዷን፣ ለተረኛው ቀድመህ ንገር። የከባድ ጥሪ ተራህን ከሌላ ሰው ጋር ያቀያይርሃል። ወሎ ላይ ይሄ ችግር ሆኖ አያውቅም። በረመዷን ክርስቲያኑ የአፍጥር ሰዓት ይሸፍናል፣ ለፋሲካ ሙስሊሙ ሌሊቱን ያድራል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን እሠራለሁ?

ትፈትሻላችሁ፣ ታጸዳላችሁ፣ ትቆጥራላችሁ። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይከፋሉ። «ሕይወት ላድን መጥቼ ወለል አስጠረጉኝ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ልጅ የምመዝነው እዚህ ላይ ነው።

ጠዋት ተረኛ ሲቀያየር የኋላውን በር ትከፍታላችሁ። ስትሬቸሩን ስባችሁ ታወጣላችሁ። እግሮቹ ተዘርግተው ቀጥ ብለው መቆለፋቸውን በክብደታችሁ ጫን ብላችሁ ታያላችሁ። ቀበቶዎቹ ሦስቱም አሉ? አንሶላው ተቀይሯል? ጓንት ስንት ቀረ? የደም ግፊት መለኪያው ፊኛ አየር ይይዛል ወይስ ያፈሳል? የማዋለጃ ዕቃው ፓኬት እንደታሸገ ነው? የእጅ ባትሪው ይበራል? ይሄ ሁሉ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ስማችሁም ይፈረማል።

ከዚያ ኦክስጅን። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሲሊንደሩን በቁልፉ ከፍታችሁ ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) አንብቡ። ቁልፉ ራሱ በክር ሲሊንደሩ ላይ ይታሰር፣ በሌሊት የሚጠፋው እሱ ነው። ቀጥሎ ሒሳቡ አለ። ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር ጌጁ 150 ባር ካሳየ ውስጡ ያለው ኦክስጅን 1,500 ሊትር ያህል ነው። በደቂቃ 5 ሊትር የምትሰጡ ከሆነ ለ300 ደቂቃ፣ ማለትም ለ5 ሰዓት ይበቃል። በደቂቃ 10 ሊትር ከሆነ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ለመጠባበቂያ ቀንሱ። አሁን አስቡት፤ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በክረምት ጭቃ፣ መንገድ ላይ የተገተረ ካቻማሊ እየጠበቃችሁ። ይበቃል ወይ? ይሄን ሒሳብ ሳትነሱ ነው የምትሠሩት። ተነስታችሁ ከሄዳችሁ በኋላ የምትጨምሩበት ቦታ የለም።

ለምን እንዲህ እንደማጠብቅ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ሌሊት የመተንፈስ ችግር ያለባቸውን አዛውንት ይዘን ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ ጌጁ ዜሮ ገባ። ጠዋት መዝገቡ ላይ «ሙሉ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ያየው ሰው አልነበረም። የትናንቱን ገልብጦ ነው የጻፈው። አባት በሕይወት ደረሱ። እኔ ግን ያን ሌሊት እጃቸው እጄን እንዴት አጥብቆ እንደያዘ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ ጌጅ ሳያይ የሚፈርም ልጅ እኔ ጋ ሁለተኛ ዕድል የለውም።

በሽተኛ መንካት የምጀምረው መቼ ነው?

መጀመሪያ ታያላችሁ። ቀጥሎ አሠልጣኙ እያየ ትሠራላችሁ። ብቻችሁን የምትሠሩት ቅጹ ላይ ሲፈረምላችሁ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምሰጣችሁ ሥራ ትንፋሽ መቁጠር ነው። ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ ሰዓት እያያችሁ። ቀላል ይመስላል። መኪናው እየዘለለ፣ ቤተሰብ እያለቀሰ ሞክሩት። ቀጥሎ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የሙቀት መጠን። የሚደማን ቦታ በጨርቅ ተጭኖ መያዝ፣ ሳይለቁ። ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ ውኃ አለመስጠት። ዘመድ ሁልጊዜ ውኃ ያመጣል፣ በፍቅር ነው። እናንተም በፍቅር ተቀብላችሁ ወደ ጎን አስቀምጡት።

ልብ ማሸት፣ ማለትም ልቡ የቆመን ሰው ደረት መጫን፣ የምንለማመደው አሻንጉሊት ላይ ነው። ለአዋቂ ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ግፊት፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 30 ግፊት ሁለት ትንፋሽ። በየሁለት ደቂቃው ሰው ይቀያየራል፣ ምክንያቱም ክንድ ይዝላል፣ የዛለ ክንድ ደግሞ ጥልቀት አይደርስም። አሻንጉሊቱ ላይ ላብ ሳያሰጥማችሁ አልፈርምም።

ሴት ነኝ። ሥራው ይከብደኛል ይሉኛል። እውነት ነው?

እኅቴ፣ ከሁሉም በላይ የምንፈልገው አንቺን ነው። ለምን እንደሆነ በአንድ ታሪክ ልንገርሽ።

አምባሰል በኩል ነው። ቤቷ የወለደች እናት በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ እያወረዷት መሆኑ ተነገረን። ስንደርስ አሥር የሚሆኑ ወንዶች ተሸክመዋታል። ሕፃኑ ከአያቱ ጋር ነው፣ ያለቅሳል። መኪናው ውስጥ ካስገባናት በኋላ እኔ ጠየቅኳት። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። ፊቷን ወደ መኪናው ግድግዳ አዞረች። ቢፒዋን (የደም ግፊቷን) ልለካ ስል የተሸፈነችበትን ጋቢ ጨብጣ ያዘች።

አብራኝ አፓረንት የወጣች ልጅ ነበረች፣ ሁለተኛ ወሯ። ጎንበስ አለችና ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አለቻት። ከዚያ ለእኔ «ጋሼ፣ ትንሽ ፊትህን ወደ ፊት አዙርልኝ» አለችኝ። አዞርኩ። ጋቢውን ከፍ ስታደርግ ከሥር ያለው አንሶላ በደም ረጥቧል። ያቺ እናት ደም እየፈሰሳት ነበር፣ ወንድ ፊት ለመናገር አፍራ። ልጅቷ የእናቲቱን ሆድ ከእምብርት በታች ማሸት ጀመረች፣ ማሕፀኑ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር። ሕፃኑን ከአያቱ ተቀብላ ጡት አስያዘች። እኔ ወደ ሆስፒታል ደወልኩ፣ ደም እንዲያዘጋጁ። እጇን ሳታነሳ ደሴ ደረስን። እናትም ልጅም ዳኑ። ያቺ ልጅ ዛሬ በራሷ ወረዳ ላይ ትሠራለች።

ከአምቡላንስ ጥሪያችን ብዙው የወላድ ነው። ክብደት ማንሳት ከሆነ የሚያስፈራሽ፣ ብልኃቱን እናስተምራለን። ወገብ ቀጥ፣ ጉልበት ታጥፎ፣ ዕቃው ወደ ሰውነት ተጠግቶ፣ ሁለታችሁ በአንድ ቃል። በጡንቻው ተማምኖ በወገቡ የሚያነሳ ጎረምሳ ከአንቺ ቀድሞ ነው የሚታመመው።

ማረፊያውን ግን ሳትጠይቂ አትግቢ። ለሴት የተለየ ማደሪያ ክፍል አለ? ከውስጥ የሚቆለፍ ነው? ከሌለ የሌሊት ተረኝነት አልገባም በይ።

ወሎ ላይ ይህ ሥራ ምን የተለየ ነገር አለው?

አቀበቱና ቁልቁለቱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን የሐረጎን ዳገት ያየ ያውቀዋል። ኩርባ በኩርባ ነው። በክረምት ጉሙ ሲወርድ የፊት መኪና መብራት አይታይም። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ኩርባውን በዓይኑ ስለሚያየው ይዘጋጃል። ተኝቶ የሚሄድ በሽተኛ ግን በአጥንቱ ነው የሚያውቀው። ጭኑ የተሰበረ ሰው ይዛችሁ ሐረጎን ስትወጡ በየኩርባው ይጮኻል። ስለዚህ ሾፌሩ «ግራ!» «ቀኝ!» እያለ ቀድሞ ይናገራል፣ እናንተ እግሩን ደግፋችሁ ትይዛላችሁ።

ሁለተኛው ቃሬዛ ነው። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ብዙ ነው። በደላንታ፣ በተንታ፣ በላስታ ሕዝቡ ራሱ ተደራጅቶ፣ በየተራ እየተቀያየረ በሽተኛውን እስከ መንገድ ያወርዳል። እኛ ስንደርስ እነሱ ሰዓታት ተጉዘዋል። አንዳንዱ አዲስ አፓረንት ከመኪና ዘሎ ወርዶ ቃሬዛውን ሊቀማቸው ይሞክራል። ነውር ነው። መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ። «መቼ ጀመረው? ማን አየው? መንገድ ላይ ምን አደረገ?» ብላችሁ ጠይቁ። መረጃው ያለው እነሱ ጋ ነው። አምጥተው ለእናንተ ሲያስረክቡ፣ ተረከብን ብላችሁ አመስግኑ።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ከሚሴና ባቲ ላይ ኦሮምኛ፣ ከባቲ ወደ ታች አፋርኛ ያስፈልጋችኋል። ሁሉንም ቻሉ አልልም። አምስት ጥያቄ ቻሉ፦ የት ያምሃል፣ መቼ ጀመረህ፣ መተንፈስ ይከብድሃል፣ እርጉዝ ነሽ፣ መድኃኒት ትወስዳለህ።

ለበሽተኛ መጀመሪያ ምን ልበል?

ስማችሁን። ቀጥሎ «አብሽር»። ወሎ ላይ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም። «አብሽሪ እናቴ፣ አለሁ አጠገብሽ።» የሚጨበጥ ቃል ነው፣ ትንፋሽ ሲረግብ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

«ትድናለህ» ግን አትበሉ፣ አታውቁትም። የምታውቁትን ንገሩ። «ደሴ ልንደርስ ነው። ሐኪሙ እየጠበቀን ነው። አሁን ቢፒ እለካለሁ፣ ክንድህን ትንሽ ያጠብቅሃል።» ራሱን የሳተ ሰው ፊትም አትንሾካሾኩ። መስማት ብዙ ጊዜ መጨረሻ የሚሄድ ነው ይባላል፣ እኔም እንደሚሰማ አድርጌ ነው የማወራው።

ስልክ መቀበልም የሥልጠናው አካል ነው?

ነው፣ ከባዱ ክፍል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፣ ወረዳዎች ደግሞ የራሳቸው ስልክ አላቸው። የሚደውለው ሰው ይጮኻል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። የመንገድ ስም የለም። «ከመስጊዱ ከፍ ብሎ፣ ዋርካው ጋ» ነው አድራሻው። የደዋዩን ስልክ መጀመሪያ ጻፉ፣ ሊቋረጥ ይችላል። ቀጥሎ ቦታውን። ከዚያ «ይተነፍሳል? ያናግራል? ይደማል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ወጥቶ መንገድ ላይ እንዲቆም አድርጉ፣ ማታ ከሆነ ባትሪ ይዞ።

መኪናውን መንዳት እማራለሁ?

አትማሩም። መንዳት የሾፌሩ ሙያ ነው፣ የራሱ ፈቃድና ልምድ ይፈልጋል። «ትንሽ ልሞክር» የሚል አፓረንት አልቀበልም። አውቶ የምትማሩ፣ በወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክም ሆነ በኮምቦልቻ፣ ሌላ በር አላችሁ። አምቡላንስ የሚጠገንበት ጋራዥ አፓረንት ጠይቁ። ፍሬን የሚሠራ ሰው ሐረጎ ላይ ሕይወት ያድናል።

ክፍያ አለው?

በትብብር ሥልጠና ደመወዝ አትጠብቁ። አንዳንድ ቦታ የትራንስፖርት ወይም የምሳ ይሰጣል፣ አንዳንድ ቦታ ምንም የለም። ይሄ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ከኩታበር ደሴ በየቀኑ የሚመላለስ ልጅ የታክሲ ከየት ያመጣል? የቤት ኪራይስ? ተቀባይ መሥሪያ ቤቶች ቢያንስ ምሳና ትራንስፖርት ሊችሉ ይገባል። እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁና በጽሑፍ ይሁን። አደጋ ቢደርስብኝ የሕክምናዬን ማን ይከፍላል? እሱንም ጭምር።

በሽታ ቢይዘኝስ?

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሳትጀምሩ በሽተኛ አትንኩ። ሦስት ዙር ነው፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ኮሌጁ ቀድሞ ያስጀምራችሁ ዘንድ ወጥሩ።

ጓንት ለእያንዳንዱ በሽተኛ አዲስ። በጓንት ስልክ አታንሱ፣ በር አትክፈቱ። መርፌ ክዳኑን መልሳችሁ አትክደኑ፣ ቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ። ከወጋችሁ ቦታውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ አትጭመቁት። ወዲያው ለአሠልጣኛችሁ ተናገሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በቶሎ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። አፍሮ የደበቀ ልጅ አጋጥሞኝ ያውቃል። አትደብቁ፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ሰው እጄ ላይ ቢሞትስ?

ይሞታል። ይሄን ቀድሜ ካልነገርኳችሁ ዋሽቻችኋለሁ። ሁሉን ነገር በትክክል ሠርታችሁም ይሞታል።

የዚያን ቀን ቀጥታ ወደ ቤት አትሂዱ። እኛ ጋ ልማድ አለን። መኪናው ታጥቦ እንዳለቀ ቡና ይፈላል። እስከ በረካ ማንም አይነሳም። መጀመሪያ ዝምታ ነው። ከዚያ አንዱ «ስንት ሰዓት ነበር የደረስነው?» ይላል፣ ወሬው ከዚያ ይጀምራል። የሠራነውን አንድ በአንድ እናወራለን። የሚያለቅስ ያለቅሳል። እንቅልፍ ከሳምንት በላይ እምቢ ካለ፣ ያ ፊት እየመጣ ካስቸገረ፣ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል አለ፣ አብሬ እሄዳለሁ። ከዚህ በፊት ሄጃለሁ፣ ለራሴም ጭምር። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ አምቡላንስ ጭምር ተወስዶ፣ ሰው እንደገና ወደ ቃሬዛ የተመለሰበትን ጊዜ ያየን ሰዎች ነን። አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ነገር አልነበረም።

የቀይ መስቀል ምልክት ይጠብቀናል?

ሕጉ ይጠብቃችኋል። ደሴ ግን ምልክቱ የተጣሰበትን ቀን ከድሮ ጀምሮ ታውቃለች። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ነው። አምስት ወር ሳይሞላው፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፣ ምልክቱ ያለበት ሆስፒታልና ድንኳንም ተመታ። ስለዚህ ምልክቱን አክብሩ። አምቡላንስ ላይ ታጣቂ ከነመሣሪያው፣ ጫት ወይም የግል ዕቃ አይጫንም። ምልክቱን የሚያረክስ ጭነት የሚቀጥለውን በሽተኛ አደጋ ላይ ይጥላል።

በሽተኛ ፎቶ ማንሳት፣ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ይቻላል?

አይቻልም። ፊቱ ተሸፍኖም ቢሆን።

እናት ነኝ። ልጄ እዚህ ሥራ ውስጥ ሊገባ ነው፣ ፈርቻለሁ።

እናቴ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። የእኔም እናት በር ላይ ቆመው ነበር የሚጠብቁኝ። መጥተው ይዩን። ልጅዎ የሚቀመጥበትን ወንበር፣ የሚያስረውን ቀበቶ፣ አብሮት የሚሆነውን ሾፌር አሳይዎታለሁ። አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። ሲመለስ «ዛሬ ምን አየህ?» ብለው አይጠይቁት። «በላህ?» ይበሉት። ሌላውን ራሱ ሲፈልግ ያወራዎታል።

ስጨርስ ሥራ አገኛለሁ?

ቃል አልገባም። ቅጥር በበጀት ነው፣ ወረዳ ላይ ደግሞ መደቡ ሁልጊዜ አይከፈትም። ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የመጀመሪያ ዕርዳታ ክፍል፣ ሁሉንም ጠይቁ። የተፈረመበትን ቅጽ ኮፒ አስቀምጡ፣ ቅጥር ላይ የሚያነበው ሰው አለ። የወረዳ ኃላፊዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ ደግሞ ልመናዬ አንድ ነው፦ ለሾፌሩ መደብ እንደምትጠይቁ ሁሉ ለኋላው ወንበርም ጠይቁ።

የመጀመሪያ ቀን ምን ይዤ ልምጣ?

የኮሌጁን ደብዳቤና የክትባት ካርድ። ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት። ሶሉ የማያንሸራትት ዝግ ጫማ። ትንሽ ደብተርና ሁለት እስክርቢቶ፣ አንዱ ይጠፋል። ጥፍር የተቆረጠ፣ ቀለበት የሌለበት እጅ። ጋቢም ያዙ፣ የደሴ ሌሊት ይበርዳል፣ መንገድ ላይ ደግሞ ከእናንተ በላይ የበረደው ሰው ታገኛላችሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግቢ ውስጥ ሁኑ። መኪናው የቆመው ከበሩ በስተቀኝ ነው፣ የኋላው በር ክፍት ይሆናል።